ባቡሩን ማን ይጠብቀው?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1939 ማታ «ሲቲ ኦፍ ሳን ፍራንሲስኮ» የተባለው ፈጣን ባቡር የኔቫዳን በረሃ አቋርጦ ወደ ካሊፎርኒያ ይገሰግስ ነበር። ሃርኒ ከምትባል ስፍራ አጠገብ፣ የሃምቦልት ወንዝ ድልድይ ጋ ሲደርስ ሀዲዱን ስቶ ወጣ፤ ፉርጎዎቹም እየተገለበጡ ድልድዩን ይዘውት ወደ ወንዙ ወረዱ። 24 ሰው ሞተ፣ ከ100 በላይ ቆሰለ። መርማሪዎች ስፍራውን ሲያዩ አንዱ ሀዲድ ምስማሩ ተነቅሎ ወደ ውስጥ ተገፍቷል። ሀዲድ ሲቋረጥ ምልክቱን ወደ ቀይ የሚቀይረው የኤሌክትሪክ መስመር ግን በሽቦ ተቀጥሏል። ስለዚህ ነጂው ያየው ምልክት መንገዱ ደህና ነው የሚል ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ኮንግረስ ሕግ አወጣ። በጁን 1940 የጸደቀው ሕግ በክፍለ ግዛቶች መካከል የሚመላለስን ባቡር ከሀዲድ ማውጣትን፣ ድልድዩን ወይም ምልክቱን ማበላሸትን የፌዴራል ወንጀል አደረገው። ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት እስራት ሲሆን ሰው ከሞተበት ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። የኔቫዳውን ባቡር የጣለው ሰው ግን በየትኛውም ሕግ ፊት አልቀረበም፤ ማንነቱም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከ56 ዓመት በኋላ ያው ተንኮል ተደገመ። ኦክቶበር 9 ቀን 1995 ሌሊት ወደ ሎስ አንጀለስ ያመራ የነበረው የመንገደኛ ባቡር ኩባንያው የአምትራክ «ሰንሴት ሊሚትድ» ባቡር አሪዞና ውስጥ ሃይደር አጠገብ ካለ ድልድይ ላይ ወደቀ። እዚህም ምስማሮቹ ተነቅለዋል፣ ሽቦው ተቀጥሏል፣ ምልክቱም ሰላም ነው ይላል። አንድ የመኝታ ፉርጎ ሠራተኛ ሕይወቱን አጣ፣ 78 ሰዎች ተጎዱ። በስፍራው «የጌስታፖ ልጆች» የሚል ፊርማ ያለባቸው ወረቀቶች ተገኙ። ኤፍ ቢ አይ በ2015፣ 20 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላም፣ 310,000 ዶላር ወሮታ እከፍላለሁ እያለ ጥቆማ ይለምን ነበር።

የ1940ው ሕግ በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው፤ በሁለቱ ባቡሮች ላይ ግን አንድም ተከሳሽ አላገኘም። አሜሪካ ሀዲዷን፣ አውቶቡሷንና አውራ ጎዳናዋን ለመጠበቅ ያወጣቻቸው ሕጎች ከመቶ ዓመት በላይ የተመላለሱት «ማን አደረገው፣ ምን ይቀጣ?» በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ነው። አብዛኞቹም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባልላቸው ናቸው። ከአደጋው በፊት ሀዲዱ ዳር የሚሠራው፣ ጣቢያው ውስጥ የቆመው፣ መሪ የጨበጠው ሰው ምን ይወቅ፣ ምንስ ሲያይ ለማን ይናገር የሚለው ጥያቄ ወደ ሕግ ለመግባት እስከ 2007 ጠብቋል።

መነሻው ሽፍታ ነው። ኦክቶበር 6 ቀን 1866 የሬኖ ወንድማማቾች ኢንዲያና ውስጥ ሲይሞር አጠገብ ተሳፋሪ መስለው ባቡር ላይ ወጡና የዕቃ ፉርጎውን ካዝና ዘረፉ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማግስት በአገሩ ስሙ የገነነው የመጀመሪያው የባቡር ዘረፋ ይህ ነው። መንግሥት ሀዲድ የሚጠብቅ ኃይል አልነበረውም፤ ኩባንያዎቹ የግሉን የፒንከርተን ድርጅት መርማሪዎች ቀጥረው አሰማሩ። የወንድማማቾቹ ነገርም በችሎት አላለቀም። በዲሴምበር 1868 ኒው ኦልባኒ እስር ቤት ሰብረው የገቡ ሰዎች ሦስቱን ወንድማማቾችና አንድ ግብረ አበራቸውን በሌሊት ሰቀሏቸው።

የምዕራቡ ግዛቶች ሕግ ሲያወጡም በጨካኝ እጅ ነው። ኒው ሜክሲኮ ገና ክፍለ ግዛት ሳትሆን ባቡር ላይ አደጋ ጥሎ መዝረፍ በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። «ብላክ ጃክ» የሚባለው ቶም ኬቸም በዚሁ ክስ ኤፕሪል 26 ቀን 1901 ክሌይተን ከተማ ውስጥ ተሰቀለ። ገመዱን በቅጡ ስላልለኩት አንገቱን ቆረጠው፤ የአስከሬኑ ፎቶግራፍም እየታተመ ተሸጠ። በተከታዩ ዓመት፣ ጁላይ 1 ቀን 1902፣ ኮንግረስ ገና ክፍለ ግዛት ባልሆኑ ግዛቶች የባቡር ዘረፋን የሚከለክል የራሱን ሕግ ጨመረ።

ከዚህ ልማድ ወጣ ያለው የ1908ቱ ሕግ ነው። በሜይ 1905 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሃሪስበርግ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር ከተጋጨ የጭነት ባቡር ፍርስራሽ ጋር ተላተመ፤ ጭነቱ ውስጥ ድማሚት ነበረ። ከ20 በላይ ሰዎች አለቁ። የባቡር ኩባንያዎች በ1907 የፈንጂ ጭነትን የሚመረምር ቢሮ አቋቋሙ፤ ኮንግረስ ደግሞ በተከታዩ ዓመት ፈንጂ እንዴት እንደሚታሸግ፣ እንደሚጫንና እንደሚጓዝ ደንብ እንዲወጣ አዘዘ። ወንጀለኛ ሳይሆን ጭነት የሚቆጣጠር ሕግ ነበርና የዛሬው የአደገኛ ዕቃዎች ደንብ ሥሩ እዚያ ድረስ ይወርዳል።

ጦርነት ሲመጣ ዓይን ሁሉ ወደ ሰርጎ ገብ ዞረ። ጁላይ 30 ቀን 1916 ከነጻነት ሐውልት ማዶ ጀርሲ ሲቲ ውስጥ ብላክ ቶም በተባለው የባቡር ማራገፊያ የተከማቸ ጥይትና ፈንጂ በጀርመን ወኪሎች ሤራ ፈነዳ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሐውልቱ ችቦ ለጎብኚ ተዘግቶ ቀረ። የሳቦታዥ ሕጉ የመጣው ሁለት ዓመት ዘግይቶ በኤፕሪል 1918 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በጁን 1942 ስምንት የናዚ ሰዎች ከባሕር ሰርጓጅ ወርደው ኒው ዮርክና ፍሎሪዳ ዳርቻ ገቡ። በዝርዝራቸው ውስጥ አልቱና አጠገብ ያለው «ሆርስሹ ከርቭ» የተባለው የሀዲድ ጥምዝ፣ የሄል ጌት ድልድይና የኒውአርክ ባቡር ጣቢያ ይገኙበታል። አንዱ ራሱ ሄዶ ለኤፍ ቢ አይ ተናገረና ሤራው ከሸፈ፤ ስድስቱ ኦገስት 8 ቀን ተገደሉ።

የሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የአውሮፕላን ጥቃት ይህን ሁሉ ታሪክ ወደ ሰማይ አዞረው። ኖቬምበር 19 ቀን 2001 የተፈረመው ሕግ የትራንስፖርት ደህንነት አስተዳደርን፣ ብዙዎች በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቲ ኤስ ኤ የሚሉትን መሥሪያ ቤት ፈጠረ። በወረቀት ደረጃ መሥሪያ ቤቱ አውሮፕላንንም፣ ባቡርንም፣ አውቶቡስንም፣ ጎዳናንም እንዲጠብቅ ታዟል። በተግባር ግን ጥቃቱን የመረመረው የ9/11 ኮሚሽን በጁላይ 2004 ባወጣው ሪፖርት ለመሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ከሚወጣው 5.3 ቢሊዮን ዶላር ከ90 በመቶ በላይ የሚሄደው ለአቪዬሽን እንደሆነ ገለጸ፤ መንግሥት ያለፈውን ጦርነት ነው የሚዋጋው ሲልም ወቀሰ።

ችግሩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። አውሮፕላን በር አለው፤ ተሳፋሪው ተሰልፎ፣ ሻንጣውን አስፈትሾ ይገባል። የምድር ውስጥ ባቡር የሚሠራው ግን ማንም እንደልቡ ስለሚገባበት ነው። በ2006 አሜሪካውያን በከተማ አውቶቡስና ባቡር ያደረጉት ጉዞ 10 ቢሊዮን ደርሷል። የኒው ዮርኩ ፔን ጣቢያ ብቻ በአንድ ቀን ግማሽ ሚሊዮን ሰው ያስተናግዳል። እያንዳንዱን እንደ ኤርፖርት ፈትሽ ቢባል ከተማው ቀጥ ይላል።

የሴኔት አባሉ ጆ ባይደን ከዊልሚንግተን ዋሽንግተን በየቀኑ በአምትራክ የሚመላለሱ ሰው ነበሩና ከ2001 ጀምሮ ስለ ሀዲድ ይወተውቱ ነበር። የሚያነሱት የኒው ዮርክን፣ የባልቲሞርንና የዋሽንግተንን ዋሻዎች ነው። ፔን ጣቢያ የሚያደርሱት ዋሻዎች የተከፈቱት በ1910፣ የባልቲሞሩ የአምትራክ ዋሻ በ1873 ሲሆን ጭስ ቢነሳ ሰው የሚያመልጥበት መንገድ ጠባብ ነበር። ስጋቱ የወሬ አልነበረም፤ በጁላይ 2001 ባልቲሞር መሃል በሃዋርድ ጎዳና ሥር በሚያልፈው ሌላ ዋሻ ውስጥ ኬሚካል የጫነ የጭነት ባቡር ከሀዲድ ወጥቶ ለቀናት ነድዷል።

ማርች 11 ቀን 2004 ማድሪድ ውስጥ በአራት የጠዋት ባቡሮች ላይ 10 ቦምቦች ፈንድተው ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ ሴኔት በዚያው መኸር የባቡር ደህንነት ሕግ አሳለፈ፤ የተወካዮች ምክር ቤት ሳያነሳው ዘመኑ አለቀ። ጁላይ 7 ቀን 2005 ለንደን ላይ ሦስት የምድር ውስጥ ባቡሮችና አንድ አውቶቡስ ተመቱ፤ 52 መንገደኞች ሞቱ። በሳምንቱ የአገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስትሩ ማይክል ቸርቶፍ ነዳጅ የሞላ አውሮፕላን 3,000 ሰው ሊፈጅ ይችላል፣ በባቡር ውስጥ የሚፈነዳ ቦምብ ግን 30 ሰው ይገድል ይሆናል ብለው ቅድሚያው ለምን ለሰማይ እንደሆነ ሲያስረዱ፣ ብዙ ሰው ባቡር የሚሳፈርባቸው ክፍለ ግዛቶች ተወካዮች በቁጣ ተነሱ። የኒው ዮርክ ፖሊስ ሕግ አልጠበቀም፤ በዚያው ወር በጣቢያዎች መግቢያ ቦርሳ በዘፈቀደ መፈተሽ ጀመረ። መፈተሽ የማይፈልግ ተመልሶ መሄድ ይችላል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ በኦገስት 2006 የይግባኝ ሰሚው ችሎት ፍተሻው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ።

ከቦምቡ ይልቅ የከተማ ከንቲባዎችን እንቅልፍ የነሳው ግን ክሎሪን ነበር። ክሎሪን ውኃ ለማጣራትና ለፋብሪካ ያስፈልጋል፤ በአንድ ቦቴ ፉርጎ 90 ቶን ያህል ተጭኖ በከተማ መሃል ያልፋል።

ጃንዋሪ 6 ቀን 2005 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ39 ላይ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ግራኒትቪል በምትባል የጨርቃ ጨርቅ ከተማ፣ አንድ የጭነት ባቡር ከዋናው መስመር ወጥቶ ወደ ጎን ሀዲድ ገባና ከቆመ ባቡር ጋር ተጋጨ። ምክንያቱ ተራ ነው፤ በዋዜማው የሠራው ቡድን የሀዲዱን መቀየሪያ ወደ ቦታው ሳይመልሰው ሄዷል። አንድ የክሎሪን ቦቴ ተቀደደ። ከመሬት የማይነሳው አረንጓዴ ቢጫ ጋዝ በሌሊት ፈረቃ ላይ ወደነበረው ፋብሪካ ተንፏቀቀ። የባቡሩን ነጂ ጨምሮ 9 ሰዎች ጋዙን ተንፍሰው ሞቱ፤ 5,400 ያህል ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው ለቀናት ተንከራተቱ። ፋብሪካዎቹ በተከታዩ ዓመት ተዘጉ። በዚህ አደጋ ውስጥ አሸባሪ የለም፤ አንድ የተረሳ መቀየሪያ እንዲህ ካደረገ ሆን ብሎ የሚመጣ ሰው ምን ያደርግ ነበር የሚለው ጥያቄ ግን ወዲያው ዋሽንግተን ገባ።

ዋሽንግተን ከተማ ጥያቄውን ቀድማ ታውቀዋለች። የሲ ኤስ ኤክስ የባቡር ኩባንያ መስመር ከኮንግረሱ ሕንጻ ከካፒቶል ጥቂት ጎዳናዎች ርቆ ያልፋል። አንድ የባሕር ኃይል ምርምር ላቦራቶሪ ሳይንቲስት ለከተማው ምክር ቤት ሲያስረዱ፣ ሕዝብ በአደባባይ በተሰበሰበበት ቀን አንድ ቦቴ ቢቀደድ በግማሽ ሰዓት እስከ 100,000 ሰው ሊሞት ይችላል ብለው ነበር። የከተማዋ የፍሳሽ ማጣሪያ፣ ብሉ ፕሌንስ፣ ከሴፕቴምበር 11 በኋላ በሳምንታት ውስጥ የክሎሪን ፉርጎዎቹን ከግቢው አስወጥቶ ወደ ፈሳሽ በረኪና ዞረ፤ ለዚህ አዲስ ሕግ አላስፈለገውም። የሚያልፈውን ባቡር ግን ማጣሪያው ሊያዝዘው አይችልም። ስለዚህ ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 2005 ከካፒቶል 2.2 ማይል ዙሪያ ውስጥ እጅግ አደገኛ ጭነት ያለ ፈቃድ እንዳያልፍ ከለከለ።

ኩባንያው ከሰሰ። ክርክሩ ቀላል ነበር፤ ዋሽንግተን ከከለከለች ባልቲሞርም፣ ፊላደልፊያም፣ ክሊቭላንድም ይከለክላሉ፣ ከዚያ ጭነቱ በየት ይሂድ? በሜይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የባቡር ደህንነት የፌዴራል መንግሥት ጉዳይ ነው በማለት የከተማውን ሕግ አገደ። ከተማዋ በችሎት ብትሸነፍም ጥያቄዋ ኮንግረስ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ።

በ2006 ምርጫ ዴሞክራቶች የተወካዮች ምክር ቤቱን ሲይዙ የሚሲሲፒው ቤኒ ቶምፕሰን የአገር ውስጥ ደህንነት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። ያቀረቡት የባቡርና የሕዝብ ትራንስፖርት ደህንነት ረቂቅ ማርች 27 ቀን 2007 በ299 ድምፅ በ124 ተቃውሞ አለፈ። ከዚያ የ9/11 ኮሚሽንን ምክሮች ለማስፈጸም በሚወጣው ትልቅ ሕግ ውስጥ ተሸመነ። ፕሬዝዳንት ቡሽ የኤርፖርት ፈታሾች በማኅበር እንዲደራደሩ የሚፈቅደው አንቀጽ ካለበት አልፈርምም ብለው ስለነበር እሱ ወጣ፤ ኦገስት 3 ቀን 2007 ሕጉ ተፈረመ።

ሕጉ ለአራት ዓመታት ለባቡር፣ ለከተማ ትራንስፖርትና ለአውቶቡስ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈቀደ። በኮንግረስ ቋንቋ መፍቀድ አንድ ነገር ነው፣ መመደብ ሌላ፤ በየዓመቱ የተለቀቀው ገንዘብ ከተፈቀደው በታች ነበር። ኩባንያዎች ድክመታቸውን እንዲመረምሩና የደህንነት ዕቅድ እንዲያወጡ ታዘዙ። የድሮዎቹን ዋሻዎች ለማደስም ገንዘብ ተጠቀሰ። የክሎሪኑ ጉዳይ መልሱን ያገኘው በመካከለኛ መንገድ ነው። በ2008 የወጣው ደንብ እያንዳንዱ የባቡር ኩባንያ 27 መመዘኛዎችን፣ ከነሱም የሕዝብ ብዛትንና ታዋቂ ስፍራዎችን እያመዛዘነ የትኛው መስመር እንደሚሻል በየዓመቱ እንዲያጠና አስገደደው። መስመሩን የሚመርጠው ግን ያው ኩባንያው ነው፤ ጥናቱም በምስጢር ይያዛል። የዋሽንግተን ምክር ቤት የጠየቀው ይህን አልነበረም።

ሕጉ ከቀደሙት የተለየበት ቦታ ሠራተኛውን የሚመለከቱት አንቀጾች ናቸው። ነጂው፣ ትኬት ቆራጩ፣ ሀዲድ ጠጋኙ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ እንግዳ ነገር ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ይሠልጥን ይላል። ሥልጠናው ብቻውን እንደማይበቃ የተረዳ ሰው ነው የጻፈው፤ ያየውን የተናገረ ሠራተኛ በአለቃው እንዳይባረር የሚከላከል አንቀጽ አብሮ አለ። የተበደለ ሠራተኛ በ180 ቀን ውስጥ ለሠራተኛ ሚኒስቴር ማመልከት፣ ወደ ሥራው መመለስና እስከ 250,000 ዶላር የሚደርስ የቅጣት ካሣ ማግኘት ይችላል። የሆነው ነገር ግን ሰው ከሽብር ሕግ ከሚጠብቀው ወጣ ያለ ነው። በዚህ አንቀጽ በብዛት የቀረቡት አቤቱታዎች ስለ ቦምብ ሳይሆኑ፣ በሥራ ላይ መጎዳቱን ሪፖርት በማድረጉ ስለተቀጣ ሠራተኛ ነበሩ። በሽብር ፍርሃት የወጣ ሕግ የሀዲድ ሠራተኛው የዕለት ተዕለት ጋሻ ሆነ።

የአውራ ጎዳናው ታሪክ በራሱ ደም ተጽፏል። ኦክቶበር 3 ቀን 2001 ቴነሲ ውስጥ ማንቸስተር አጠገብ አንድ ተሳፋሪ የግሬይሃውንድ አውቶቡስ ኩባንያን ሹፌር ጉሮሮ በስለት ቆረጠ፤ አውቶቡሱ ተገለበጠና አጥቂውን ጨምሮ 7 ሰዎች ሞቱ። ኩባንያው ለሰዓታት በመላ አገሪቱ አውቶቡሶቹን አቆመ። የ2007ቱ ሕግ ለአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ድጋፍ ሲፈቅድ ሹፌሩን ከተሳፋሪ የሚለይ መከለያ ከሚገዛባቸው ነገሮች አንዱ እንዲሆን ያደረገው ይህ ትዝታ ነው።

የከባድ መኪና ሹፌሮችን የነካው ደግሞ በኦክቶበር 2001 የወጣው የፓትሪዮት ሕግ ነው። ነዳጅ፣ ጋዝ ወይም ሌላ አደገኛ ዕቃ መጫን የሚፈልግ ሹፌር ከተራው የጭነት መንጃ ፈቃድ በላይ «ሃዝማት» የሚባል ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለዚህም ከ2005 ጀምሮ የጣት አሻራ ሰጥቶ የቲ ኤስ ኤን ማጣሪያ ማለፍ ግድ ሆነ። ያኔ ቋሚ ነዋሪዎች፣ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችም ማመልከት ይችሉ ነበር። በአሜሪካ ጎዳናዎች ላይ ከባድ መኪና የሚያሽከረክሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሃዝማት ስለማውጣትና ስለማሳደስ ሲያወሩ የሚያወሩት ስለዚህ ሕግ ነው። ፈቃዱ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፣ ማጣሪያውም አብሮ ይደገማል።

በ2007ቱ ሕግ ኮንግረስ የሠራተኞችን ሥልጠና የሚመለከተው ደንብ በጥቂት ወራት ጊዜ ውስጥ እንዲወጣ አዝዞ ነበር። የወጣው ማርች 23 ቀን 2020 ነው፤ ከፊርማው 12 ዓመት ከመንፈቅ በኋላ። ደንቡ ሠራተኛው መዘጋጀትን፣ ማስተዋልን፣ መመዘንንና ምላሽ መስጠትን እንዲማር፣ ትምህርቱም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንዲደገም ያዛል። የሠራተኞችን የኋላ ታሪክ የሚያጣራው ሌላው የ2007 ትእዛዝ ደግሞ ረቂቅ ደንብ ሆኖ ለሕዝብ አስተያየት የቀረበው በሜይ 2023 ነው።

በዚህ መሃል አጥቂው ወደ ሀዲዱ መምጣት የማያስፈልገው ዘመን ደረሰ። በሜይ 2021 የኮሎኒያል ነዳጅ ማስተላለፊያ ኩባንያ ኮምፒውተሮች በጠላፊዎች ሲያዙ የምሥራቁ ጠረፍ ማደያዎች ለቀናት ተጨነቁ። በዲሴምበር ቲ ኤስ ኤ፣ እንደ 2007ቱ ሕግ ዓመታት ሳይጠብቅ፣ ለዋና ዋና የጭነትና የመንገደኛ ባቡር ኩባንያዎች አስገዳጅ መመሪያ ላከ። እያንዳንዱ ኩባንያ ቀንም ሌትም የሚገኝ የሳይበር ደህንነት ተጠሪ ይሰይም፣ የኮምፒውተር ጥቃት ሲደርስበት በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ያሳውቅ የሚል ነው። በኦክቶበር 2022 የወጣው ተከታይ መመሪያ ደግሞ ምልክቶችንና የባቡር እንቅስቃሴን የሚመሩ ሥርዓቶች ከቢሮ ኮምፒውተሮች እንዲነጠሉ አዘዘ።